በቲልማን ስም የኖረ ሰው

ሃምሳ አለቃ ኦርላንዶ ቲልማን በሕይወቱ አንድም ዕቃ ጠፍቶበት አያውቅም። ይህን የምለው ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ ራሱ ሰው እስኪሰለች ድረስ ሲያወራው ስለምሰማ ነው። የእሱ በሆነ ነገር ሁሉ ላይ ስሙን ይጽፋል። ሣር ማጨጃው ላይ ጽፏል፣ የቡና ኩባያው ቂጥ ላይ ጽፏል፣ አንድ ቀን ጃንጥላውን ሱቄ ረስቶ ሄዶ ስዘረጋው ከውስጥ በኩል «ቲልማን» የሚል አገኘሁ። ሊወስደው ሲመጣ «ሚስትህስ ላይ የት ጋ ነው የጻፍክባት?» ብለው፣ «እሷ ላይ ሳልጽፍ ቀርቼ አይደል ጥላኝ የሄደችው» አለኝና ሳቀ። ከተፋቱ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

እኔ ኦክሱን እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከአንድ ትልቅ የጦር ሰፈር በር ፊት ለፊት፣ በፀጉር ቤቱና መኪና በዱቤ በሚሸጠው ሰውዬ መሀል ነው። ከኮሪያ የወታደር ሚስት ሆኜ መጣሁ፤ ባሌ ኧርል ጡረታ ሲወጣም እዚሁ ቀረን። የወታደሮቹን ስም ደረታቸው ላይ የምሰፋው፣ ማዕረግ ሲያገኙ አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን የምተካው እኔ ነኝ። ልጆቹ «እትዬ ኦክሱን» ይሉኛል። ስቆጣ ደስ ይላቸዋል መሰለኝ፣ ሆን ብለው ያናድዱኛል።

ቲልማን መጀመሪያ ሱቄ የመጣው ከረጢት ተሸክሞ ነው። ወታደር ሲቀጠር የሚሰጠው ያ ትልቁ አረንጓዴ ከረጢት፣ ማንገቻው ተበጥሶ። ሆዱ ላይ በጥቁር ቀለም ስሙ፣ ከስሙ ሥር ደግሞ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ፣ አሜሪካ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚቀጠርበትና የሚበደርበት ቁጥር፣ ሙሉውን ተጽፏል። በእሱ ዘመን ጻፉ የሚለው ሠራዊቱ ራሱ ነበር፤ በመቶ የሚቆጠር አንድ ዓይነት ከረጢት ሜዳ ላይ ሲዘረገፍ የማን የማን እንደሆነ በምን ይለያል። በኋላ ግን ቁጥሩን በቀለም አጥፉት የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ሁሉም ሲያጠፋ ቲልማን እጁ እምቢ አለው።

«ቁጥሮቹን እዩልኝ እስቲ፣ እትዬ። ቀጥ ብለው የቆሙ አይደሉም? አሰልጣኛችን ሰልፍ አስቁሞ ‹ከረጢት ማለት የቲልማን ነው› ብሎ ለሁሉም አሳይቷል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ኮራህ ብሎ እጄ እስኪዝል ፑሽ አፕ አሠራኝ።»

ያንን ማንገቻ በዘመኑ ደጋግሜ ሰፍቼዋለሁ። ጥቁር ክር ስላለቀብኝ አንዱን ጊዜ በቀይ ሰፋሁት፤ ቀዩን ወደደውና ከዚያ በኋላ በሌላ አላሰፋም አለ። ቁጥሩንም እንደ ፊቱ ለመድኩት። ሰው የለመደውን ነገር አያየውም፤ እኔም አላየሁትም፣ እሱም አላየውም።

አገር ለቆ የሚሄድ ወታደር ውክልና ይሰጣል። ሚስት ያለው ለሚስቱ፣ ሚስት የሌለው ለእናቱ ነው የሚሰጠው። ቲልማን ወደ ፖላንድ ሲታዘዝ ሁለቱም አልነበሩትምና ለታናሽ ወንድሙ ለአንትዋን ሰጠ። አንትዋን እዚሁ ወረዳ ውስጥ የተማሪዎች አውቶቡስ ይነዳል። እናታቸው ስትሞት ገና ጎረምሳ ነበር፤ ቲልማን ከደሞዙ እየላከ ነው ትምህርቱን ያስጨረሰው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ቀልደኛ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ አለበት። በአሥራ ስድስት ዓመቱ በእናቱ ስም ስልክ አውጥቶ ሂሳቡ እናትየው ላይ ወርዶባት ነበር። ያንን ዕዳ ቲልማን ከፍሎ ዘጋው፣ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መሀል ተነስቶ አያውቅም። አልተነሳም ማለት ግን ተረሳ ማለት አይደለም።

ከመሄዳቸው በፊት ወታደሮቹን አዳራሽ ሰብስበው ምክር ይሰጧቸዋል። ይህ ሰው ግዳጅ ላይ ስለሆነ በስሙ ብድር ስትሰጡ ተጠንቀቁ የሚል ማስታወሻ በብድር ታሪክህ ላይ በነጻ ማስያዝ ትችላለህ የሚባለውም እዚያ ነው። ኧርል ሲናገር፣ ያንን ምክር የሰማ ወታደር እስካሁን አልተወለደም፤ ሁሉም ዓይኑን ገልጦ ነው የሚተኛው ይላል። ቲልማንም ተኝቶ ነበር ማለት ነው።

የሚሄድ ሰሞን አዲስ ከረጢት ይዞ መጣና የስም ጨርቅ አሰፋኝ።

«አሮጌውስ?» አልኩት።

«ጡረታ ወጣ፣ እትዬ። ከእኔ ቀደመ።»

«ጣልከው?»

«እኔ ዕቃ የምጥል ሰው እመስላለሁ? የክብር ቦታ ነው የሰጠሁት።»

ቤቱ ሳሎን ሰቅሎት ነው ብዬ ተውኩት። መሸኛው የጦር ሰፈሩ አጠገብ ባለው በጋርላንድ የዶሮ ጥብስ ቤት ነበር፤ ቀኑም አርባ ዓመት ከሞላበት ልደቱ ጋር ገጥሞ ሁለቱን አንድ ላይ አከበሩ። ኧርል ያን ሰሞን ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆኖ ስለተኛ እኔ መሄድ አልቻልኩም። አንድ ማሰሮ ኪምቺ፣ ሽታው የማይለቀውን የአገሬን የቦካ ጎመን፣ ላክሁላቸው። ጋርላንድ እስከ ዛሬ «ፍሪጄን አበላሸሽው» እያለ ይወቅሰኛል።

ከፖላንድ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት ሱቄ ገባ። የሚሰፋ ነገር አልያዘም። መጋረጃው ጀርባ ሱሪ የሚለካበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እኔ ሞተር ብስክሌት ስነዳ አይተውኝ ያውቃሉ?»

«አንተ? መኪና ውስጥ ሆነህ እንኳ ሞተር ባለፈ ቁጥር የምትሸማቀቀው ሰው?»

«ገዝቻለሁ አሉኝ። ፖላንድ በረዶ ላይ ቆሜ ሳለሁ እዚህ ሞተር ገዝቻለሁ። የሙሉ ቤት ሶፋና አልጋም ገዝቻለሁ፣ ስልኩንማ ይተዉት። አንዱንም አልከፈልኩም።»

የወታደሮቹን ምስጢር የመያዝ ፈቃድ የምትመለከተው ሲቪል ሴትዮ ቢሮዋ ጠርታው ነበር የነገረችው። ወይዘሮ ሀንሊ ትባላለች፤ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ግን ፊቷ ላይ ምንም ነገር አይነበብም። ሠራዊቱ ምስጢር የሚይዙ ወታደሮቹን የብድር ታሪክ ይከታተላል። ዕዳ ያፈነው ሰው የያዘውን ይሸጣል ብለው ይፈራሉ። ቲልማን መገናኛ ክፍል ነው የሚሠራው፤ የሬዲዮው ቁልፍና ምስጢር በእጁ ነው። ፈቃዱ ከተነሳ ሥራ የለውም። ሥራ ከሌለው ያሰናብቱታል፣ ጡረታው ሊደርስ ደግሞ ከሁለት ዓመት ያነሰ ነው የቀረው። ጉርምስናውንና ጉልበቱን ሰጥቶ፣ ትዳሩንም እዚያው ጥሎ፣ ባዶ እጁን ሊወጣ ነው። መልስ አምጣ ብለው እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ሰጡት።

«እኔ አልገዛሁም በላቸው እንጂ» አልኩት። ሞኝ ምክር ነው፣ ያኔ ግን ምን አውቄ።

«አልኳቸው። አበዳሪዎቹ ጋ አንድ በአንድ ደወልኩ። ‹ግዳጅ ላይ ነበርኩ፣ ጉዳዬን የሚከታተለው ወንድሜ ነበር፣ ውክልና ሰጥቼዋለሁ› ብዬ አስረዳኋቸው።» ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እንደዚያ ባልኳቸው ጊዜ ድምፃቸው ተለወጠ። ‹እንግዲያው በውክልና ተወስዶ ይሆናላ› አሉኝ። ውክልና ያለው ሰው ከወሰደው ሌብነት አይደለም፣ የእርስዎ ዕዳ ነው አሉኝ።»

ያን ቀን ሲወጣ ጃንጥላውን አልረሳም። ያው አልያዘም ነበር፤ ግን በሩ ላይ ቆሞ ኪሶቹን አንድ በአንድ ሲዳብስ አየሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ዳበሳ አመሉ ሆነ።

አንትዋን ደብዳቤዎቹን ይዞ እንዲመጣ ነገረው። የሚገናኙት እኔ ሱቅ ነበር፤ ሰፈሩ ውስጥ ሰው እንዲያየው አልፈለገም። አንትዋን የጫማ ካርቶን ይዞ መጣ፣ ሙሉው ያልተከፈተ ፖስታ ነው። እኔ ማሽኑ ላይ ተደፍቼ ሱሪ አሳጥራለሁ። መስማት አልፈለግሁም ነበር ብል ማንም አያምነኝም፣ ስለዚህ አልልም።

«ለምንድን ነው ያልከፈትከው?» አለ ቲልማን።

«አንተ አይደለህ ከመኪናው ኢንሹራንስ በቀር ምንም እንዳትከፍት ያልከኝ? ኤርፖርት ቆመን እንኳ ደገምክልኝ። ማስታወቂያ መሰለኝ።»

«ቀይ የተጻፈበት ማስታወቂያ?»

«ላንዶ፣ ለእኔም እኮ ቀይ የተጻፈበት በየሳምንቱ ይመጣልኛል። ለምጄዋለሁ።»

አንትዋን ብቻውን ሳቀ። ሳቁን ቶሎ አቋረጠው።

«አንትዋን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«አትጠይቀኝ።»

«ምን እንደምጠይቅህ ሳታውቅ?»

«አውቃለሁ። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ይህንን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ዛሬም አትጠይቀኝ፣ እባክህ።»

ማሽኑን አቆምኩ። እግሬ ራሱ ነው ያቆመው። ቲልማን ግን ጠየቀው።

«አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።» ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፣ ክሮቼን እንዳይነካ ተጠንቅቆ። «የእማዬን ስልክ አንተ ከፍለህ ጨርሰኸዋል። እኔ ገና እየከፈልኩ ነው።» ወደ እኔ ዞሮ «ደህና ይዋሉ፣ እትዬ» አለኝና ወጣ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ክፉ ነበሩ። ቲልማን የማያውቀው ስልክ ሲጠራ ይደነግጣል፣ የሚያውቀው ሲጠራም ይደነግጣል። ምግብ ተወ። ሰው የሚበዛበት ቦታ መሄድ ተወ፤ ጋርላንድ ጋ እንኳ ከተመለሰ ወዲህ ብቅ አላለም። አፍንጫው ሥር ሆኖ በስሙ የሚኖር፣ በስሙ ሶፋ ላይ ጋደም የሚል አንድ ሰው አለ። ያ ሰው ማንም ሊሆን ይችላል። የፀጉር ቤቱን ልጅ ጠረጠረ፣ የቀድሞ ሚስቱን ጠረጠረ፣ ደሞዝ ክፍል ያለውን ጸሐፊ ጠረጠረ። አንድ ቀን ኮቱን እየለካሁለት ሳለ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«እርስዎ ቁጥሬን ያውቁታል አይደል?»

«በቃሌ ነው የማውቀው። ዕድሜ ልኬን ከረጢትህን ስሰፋ የኖርኩ ሰው እንዴት አላውቅም? ሞተሩንም እኔ ነኝ የገዛሁት። ማታ ማታ ኧርልን ከኋላ አፈናጥጬ እንሽከረከርበታለን።»

ቀላ። «ይቅርታ፣ እትዬ። አበድኩ።»

«አብደሃል። ቀጥ ብለህ ቁም፣ በመርፌ እንዳልወጋህ።»

ከረጢት የሚለውን ቃል ከአፌ አውጥቼ ሁለታችንም ሰምተን አለፍነው። ይህንን ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ አሰብኩት።

የጦር ሰፈሩ ጠበቃ ወጣት ሻምበል ነበር፤ ነገሩን ሳያሽሞነሙን ነገረው። ፖሊስ ጋ ሄደህ ተሰርቄያለሁ ካላልክ ዕዳው ያንተ ነው። ተሰርቄያለሁ ካልክ ማንን ትጠረጥራለህ ይሉሃል። ወኪልህን አልጠረጥርም ካልክ ደግሞ አበዳሪዎቹ በፈቃድህ ነው የተወሰደው ይላሉ። መውጫው አንድ ነው፣ በወንድሙ ስም በኩል ነው የሚወጣው።

ወሩ ሊያልቅ ሲል መጣና መሀል ሱቄ ቆመ። አልተቀመጠም።

«ፖሊስ ጋ የአንትዋንን ስም ሰጥቼ ፈረምኩ» አለኝ።

እኔ ብሆን አልፈርምም ነበር ማለት ይቀለኛል፤ የማጣው ጡረታ የለኝምና። ያኔ ግን ተናድጄበት ነበር፣ አሁንም ስናገረው እናደዳለሁ።

ነገሩ ፈጠነ። ፖሊስ አንትዋንን የሥራ ቦታው ድረስ ሄዶ አናገረው። በስርቆት የተጠረጠረ ሰው ልጆች አይጭንም ብለው አውቶቡሱን ነጠቁት፤ ቁልፉን ያስረከበው ሾፌሮቹ ሁሉ እያዩት ነው። በቲልማን በኩል ደግሞ አበዳሪዎቹ መለሳለስ ጀመሩ። ወይዘሮ ሀንሊም ፋይልህ ሰኞ ይዘጋል አለችው። ያንን ሲነግረኝ ደስታ የሚባል ነገር ፊቱ ላይ አላየሁም።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ኧርል ዶሮ አማረኝ አለ። ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ ወዲህ ጋርላንድ ጋ ሄደን አናውቅም ነበር። እኩለ ቀን ላይ ገባን፤ ቤቱ በምልምል ወታደር ጢም ብሏል። ጋርላንድ ራሱ የድሮ ሃምሳ አለቃ ስለሆነ ግድግዳው ሁሉ የወታደር ዕቃ ነው፤ ከሰፈሩ የሚሄድ ሁሉ ቆብም ጫማም ይሰጠዋል፣ እሱ ይሰቅላል። ወንበር እስኪለቀቅ ቆመን ሳለ ሁለት ልጆች ግድግዳው ሥር ተቃቅፈው ፎቶ ይነሳሉ። ከጭንቅላታቸው በላይ ማንገቻ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ያየሁት ቁጥሩን አይደለም። መጀመሪያ ያየሁት ቀይ ክሬን ነው።

ስፌቴን አውቀዋለሁ። ከስፌቱ ወደ ታች ዓይኔ ወረደ። ከረጢቱ ሆዱን ነፍቶ፣ መብራት ተደርጎለት ተሰቅሏል። ቲልማን የሚለው ስም አለ። ቁጥሩ ሥሩ አለ፣ ሙሉው፣ ቀጥ ብሎ የቆመው። አጠገቡ ፎቶ በመስታወት ተደርጓል፤ ቲልማን ኬክ ፊት ቆሞ ይስቃል፣ ኬኩ ላይ አርባ ተብሎ ተጽፏል፣ ፎቶው ጥግ ላይ ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ አለ። በአንድ ሰው ስም ለመበደር የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ፣ ስሙ፣ ቁጥሩ፣ የተወለደበት ቀን፣ ተሟልቶ፣ ዶሮ ለሚበላ ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ ቀርቧል።

«ኧርል» አልኩት፣ እጁን ይዤ።

«ምን?» ኧርል አንድ ጆሮው አይሰማም፤ ሁልጊዜ በማይሰማው በኩል ነው የምቆመው።

ጋርላንድ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። «አየሽው አይደል? ሰው ሁሉ እዚያ ጋ ነው ፎቶ የሚነሳው። የእህቴ ልጅ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ትለጥፈዋለች፣ በየቀኑ።»

«አውርደው።»

«ምን ማለትሽ ነው? የክብር ዕቃ እኮ ነው። ራሱ ነው መሰላል ላይ ወጥቶ የሰቀለው፣ ቁጥሩ ወደ ፊት እንዲታይ ሁለቴ አስተካክሎ።»

«ጋርላንድ፣ ፍሪጅህን እንደገና ሳላበላሸው አውርደው ብዬሃለሁ።»

የደረሰውን ሁሉ ለጋርላንድ ነገርኩትና ለቲልማን ደወልኩለት። ሲመጣ ከረጢቱ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ፎቶውም አጠገቡ። በሩ ላይ ቆመና አየው። ቀስ ብሎ መጥቶ ተቀመጠና መዳፉን ቁጥሩ ላይ ጫነ፣ የተገለጠ ገላ እንደሚሸፍን ሰው።

«አንትዋን አይደለም» አለ።

«አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ማነው?»

እዚያ ቤት ዶሮ የበላ ሁሉ ነው፣ ፎቶውን ያየ ሁሉ ነው። ዙሪያውን ያሉትን ልጆች አያቸው፤ እነሱ ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ያ ሰው አሁንም እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችል ነበር። እኔም ማየት ጀመርኩ፣ እያየሁም ፈራሁ።

ጋርላንድ ነው ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገረው። «ፋይልህ ሰኞ ይዘጋል አላሉህም? ይዘጋ። ከረጢቱን ጓሮ አቃጥለዋለሁ። የወንድምህ ነገር ማስረጃ የለበትም፣ ትንሽ ቆይቶ ይለቁታል። አንተ የሠራዊቱን ምስጢር ትጠብቃለህ ተብለህ የተቀመጥክ ሰው የራስህን ምስጢር ዶሮ ቤት ሰቀልክ ቢባል ምን ይሉሃል? ያውም አጥፉ ተብሎ የታዘዘውን። በዕዳው ያልነጠቁህን ፈቃድ በዚህ ይነጥቁሃል።»

እውነቱን ነው። የሚያስፈራውም እውነት መሆኑ ነው። ቲልማን ኪሱን መዳበስ ጀመረ፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ጨንቆኝ ልናገር ስል ኧርል ቀደመኝ። ምን ያህሉን እንደሰማ አላውቅም።

«ለልጁ አውቶቡሱን መልሰው ሰጡት?» አለ።

«አልሰጡትም» አለ ቲልማን።

«አሃ» አለ ኧርል፤ ወደ ዶሮው ተመለሰ።

ቲልማን ተነሳ። ፎቶውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተና ማንገቻውን ትከሻው ላይ አደረገ፤ ቁጥሩን ወደ ውስጥ፣ ወደ ጎኑ አዙሮ። ያንኑ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ሰረዘ። ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ሀንሊ ጠረጴዛ ላይ ከረጢቱን ዘርግቶ ሁሉንም ነገራት። ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም አለኝ። ፋይሉ አልተዘጋም። ከሬዲዮ ክፍል አውጥተው መጋዘን ጎማ ጠባቂ አደረጉትና ውሳኔ ጠብቅ አሉት።

ጠበቀ። በጋው አለፈ፣ ቅጠሉ ረገፈ፣ እሱ ጎማ እየጠበቀ ነው። አንትዋን ጋ ሄዷል፤ በሩን አልከፈተለትም። ደውሏል፤ አላነሳም። አንድ ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ከሕፃናቱ ጋር ተሰልፎ ቆሞ ጠበቀው። አንትዋን በሩን ከፈተ፣ ሥራውን መልሰውለት ነበርና፤ ልጆቹን አስገባ። ቲልማንን «ጌታዬ፣ ከተማሪ በቀር አይሳፈርም» አለው፣ በጨዋ ደንብ፣ እንደማያውቀው ሰው። ልጆቹ በመስኮት እያዩ ሳቁ።

አንትዋን ከዚያ በኋላ እኔ ጋ አንድ ጊዜ መጥቷል። ለሾፌሮች የታደለውን ጃኬት ይዞ ነው፣ ስም እንድሰፋበት። ክሩን መረጥን፣ ሰማያዊ ወሰደ።

«አንትዋን ቲልማን ብዬ በሁለት መስመር?» አልኩት፣ እርሳሴን ይዤ።

«አንትዋን ብቻ ይበሉልኝ፣ እትዬ።»

«ቦታው እኮ ይበቃል።»

«አውቃለሁ። አንትዋን ብቻ።»

እንዳለው ሰፋሁት። እስኪወስደው ድረስ በሩ አጠገብ ያለው ማንጠልጠያ ላይ ሰቀልኩት።

ቲልማን በማግስቱ ነው የመጣው። ሲራመድ ገና ከመንገዱ ማዶ ነገሩ ገባኝ፤ ኪሱን አይዳብስም ነበር። በሩን ከፍቶ «መለሱልኝ» አለኝ። «ወቀሳ ጽፈውብኝ ፈቃዱን መለሱልኝ። አበዳሪዎቹም የከረጢቱን ነገር አይተው ዕዳውን ሰረዙት። ሰኞ ወደ ሬዲዮ ክፍል እገባለሁ። ጡረታዬንም አገኘሁት ማለት ነው፣ እትዬ። ምንም አልጠፋብኝም።»

ደስ አለኝ፣ እውነት ደስ አለኝ። እጁን ልይዘው ከማሽኑ ስነሳ ዓይኑ ማንጠልጠያው ላይ አረፈ። የአውቶቡስ ሾፌር ጃኬት መሆኑን አወቀ። ስሙን አነበበው፤ አጭር ስለነበር ቶሎ አለቀ። ከሥሩ ያለውን ባዶ ቦታ ግን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ገና አልጨረሱትም?» አለኝ።

«ጨርሻለሁ።»

ጣቱን ዘርግቶ ሰማያዊውን ክር ከዳር እስከ ዳር ነካው። የሚለቅ ነገር ይፈልግ እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ዋሌቱን አወጣና የጃኬቱን ሂሳብ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«አንድ ጊዜ ደርበው ይስፉለት፣ እትዬ» አለኝ። «እንዳይለቅበት።»